የተሸለመው ድስታችን ወደ ቤቱ እንዲመለስ

ለተከበሩ የዓለም አቀፉ የመዓዛ ዘይት ንግድ ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ወገብዎስ? ስለ ወገብዎ የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ሰው እንዲህ ሳያርፍ ተሰብስቦ እንዴት ይችለዋል እያልኩ ስጨነቅ ከርሜአለሁ። ጭንቀቴን ለአክስቴ ባካፍላት «ለእሳቸው ወንበሩ ያዝንላቸዋል፤ አንተ ለእግርህ እዘንለት» አለችኝ።

እኔ በጠጅ ሣር ዘይት ማውጫ ቤት እሳት አንዳጅ ነኝ። የማታ ትምህርቴን በቅርቡ ያጠናቀቅሁ፣ በእጅ ጽሕፈት ከክፍሉ የሚስተካከለኝ ያልተገኘ ሰው ስሆን፣ ይህንንም መምህሬ ይመሰክራል፤ ቢክድ ቅናት ነው። ይህ በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ለባለቤቴ እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ ለእርስዎ በመሆኑ እስከ ዛሬ እንደተቀየመች ናት። መምህሬ ረቂቁን አይቶ ስድቡን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ካወጣ በኋላ በየቦታው ምስጋና አስገብቶበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ምስጋና ባጋጠመዎ ቁጥር፣ ቦታው ቀድሞ ባዶ እንዳልነበረ ይረዱልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌላም ሰው ያነበዋል፤ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከማሳው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ አንድ ትልቅ የመዳብ ድስት ነበረን። ሆዱ እንደ ደረሰች ላም የተነፋ፣ ከአናቱ ረጅም ቱቦ የወጣለት ስለሆነ ስሙን አያ ሆዱ ብለነዋል። እሱ ሣሩን ይበላል፣ እኔ ከሥሩ አነድለታለሁ፣ እንፋሎቱም በቱቦው ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ መካከል ሲያልፍ ዘይቱን ያንጠባጥብልናል። ድስቱ የአክስቴ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ግን ሣራቸውን የሚያመጡት ለእሱ ነው። ሌላ ድስት የለንም። የልጆቹ ደብተር፣ የቤቱ ክዳን፣ የአክስቴ የዓይን መድኃኒት፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያ ሆድ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ጉባኤው ሊከፈት ሲል አንድ ባለ ክራቫት ወጣት ልከውልን ነበር፤ እሱም አክስቴን «እማማ፣ ድስትዎን ያውሱን፤ የዓለም እንግዳ ይመጣል፤ ሥራው ከየት እንደሚጀመር ይይ። ጉባኤው በተዘጋ ማግስት እኔው ራሴ በመኪና አደርስልዎታለሁ» አላት። አክስቴ «ሣሩ እኮ ደርሷል፣ ልጄ» ስትለው «ስለ ሣሩ አያስቡ!» አለ። እውነትም ከዚያ ቀን ወዲህ ከእናንተ ወገን ስለ ሣሩ ያሰበ ሰው የለም። እሷ ግን በቃሉ አምና፣ ድስቱ በሚመለስበት ቀን ሣሩ ታጭዶ ይጠብቀው ብላ ሴቶቹን አዘዘች። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኛ ሣሩ የራሳችን ነበር፣ ገደሉን ነው ያመጣችሁልን።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። ድስቱን ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎችም ከጎን ከጎን ነክተውታል። የጉባኤው አዳራሽ በር ላይ ስንደርስ ለአያ ሆዱ ስሙ ያለበት ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥለውለት ገባ፤ እኔ ባጅ ስላልነበረኝ ውጭ ቀረሁ። በዚያ አጋጣሚ ከበሩ በላይ የተወጠረውን ጨርቅ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «አምራቹን ማዕከል ያደረገ መዓዛ» ይላል። አንዷ ፊደል አስቸግራኝ ዘበኛው ረድቶኛል። ማዕከሉ ከበሩ ውጭ መሆኑን ያወቅሁት እንግዲህ ያኔ ነው።

በኋላ ዘበኛው አዝኖልኝ «ወንድሜ፣ አየት አድርገህ ውጣ፤ ከሥራ እንዳታስባርረኝ» ብሎ አስገባኝ። አያ ሆዱን መብራት ሥር አቁማችሁታል። ከአክስቴ እናት ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ፈግፍጋችሁ፣ ሽማግሌውን ፂሙን ላጭታችሁ እንደ ሙሽራ አብለጭልጫችሁታል። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ እሱም ያወቀኝ አልመሰለኝም። ሣር በሚገባበት ሆዱ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶ ነበር። አንድ ረጅም እንግዳ አፍንጫውን አበባው ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ «እህ!» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ድስቱ ዙሪያውን በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ ፊቱ ላይ «አይንኩ» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ይህን ያለ ማንም እርዳታ ነው ያነበብኩት። ፊደል የተማርኩት፣ ክንዴን በጠባሳ የሞላውን ድስት እንዳልነካ ስታዘዝ ትእዛዙ እንዲገባኝ ከሆነ፣ ለመማሬም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። በመዝጊያው ቀን አክስቴን መድረክ ላይ ጠርታችሁ ለድስቱ «የአነስተኛ አምራቾች ኩራት» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጣችኋት፤ ማይክራፎኑንም አፏ ላይ ደቀናችሁላት። እሷ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ድስቱን መቼ ነው የምትመልሱልን?» አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዜር ይወቀው፣ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። እርስዎም እንባዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ። አክስቴ ወደ እኔ ዘወር ብላ «ተስማሙ ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም ሁሉን አዋቂ ነኝና «እንዴታ!» አልኳት።

ሽልማቱ ምን እንደሆነ የገባን በማግስቱ መኪናው ሲቀር ነው። ለካ የተሸለመ ዕቃ በሕንፃችሁ መግቢያ አዳራሽ ለዘላለም ይቀመጣል። ኩራታችን እናንተ ጋ፣ ማነሳችን እኛ ጋ ቀረ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ቆራጩ ለሞኙ የምስክር ወረቀት ሲሰጠው ግን የመጀመሪያዎቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም። ወረቀቱን አክስቴ ከቀዘቀዘው ምድጃ በላይ፣ የቱቦው ማንጠልጠያ በነበረው ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች።

ቀጥሎ ያለው አራተኛ መሆን ነበረበት፤ ግን ቁጥር አልሰጠውም።

የታጨደ ጠጅ ሣር ኮሚቴ አይጠብቅም። ተከምሮ ሲውል ከውስጥ ይግላል። ሴቶቹ በየተራ በመንሽ ሲያገላብጡት ሰነበቱ፤ ከክምሩ እንፋሎት ይነሣ ነበር፤ ድስት የሌለው እንፋሎት። ሰፈሩን የሞላው ጥሩ ሽታ ቀስ በቀስ ኮመጠጠ። አንድ ጠዋት አክስቴ እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ አስገብታ ጭብጥ ሣር አወጣች። ጥቁር ነበር። አሸተተችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ድፉት» አለች። ደፋነው። እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የማስቅ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ሴቶቹም መንሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እኔን ሳያዩ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

አሁን የቀረው የታችኛው ማሳ ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል። ይህም ሳይታጨድ ካረጀ ዘይቱ ከቅጠሉ ይሸሻል፤ ታጭዶ ድስት ካጣም እንደ መጀመሪያው ይሆናል። እሱ ካለፈን ዓመቱ አለፈን።

ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ስመላለስ የጫማዬ ሶል አልቆ ደረጃዎን በካልሲ የወጣሁበት ቀን አለ። ጸሐፊዎን አመሰግናለሁ፤ ሁልጊዜ ቁጭ በል ትለኛለች፤ ወንበር ግን የለም። በመጨረሻ ከውስጥ የመጣልኝ መልስ «ዕቃው ተሸላሚ ስለሆነ ከቦታው ሊንቀሳቀስ አይችልም» የሚል ነበር። ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ። መናደድ እንኳ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቴን ደግሞ ለእንጨት ፈለጣ ነው የማስቀምጠው።

መልሱን ወስጄ ለአክስቴ ነገርኳት። እሷም «እሱ ካልተንቀሳቀሰ እኛ እንንቀሳቀሳ!» አለች።

ስለሆነም ክቡርነትዎ እንዲያውቁት የምንፈልገው፣ በመጪው ሰኞ ጠዋት የታችኛው ማሳ እንደታጨደ ሣሩን፣ የተፈለጠውን እንጨት፣ ሴቶቹንና እኔን የጫኑ ጋሪዎች ወደ መግቢያ አዳራሽዎ የሚመጡ መሆኑን ነው። ደንብ አክባሪዎች ነን፤ ተሸላሚውን ከቆመበት ስንዝር አናንቀሳቅሰውም። ምድጃውን እዚያው ከሥሩ እንሠራለታለን። ለቱቦው የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ከሕንፃው ፊት ካለው ፏፏቴ ይበቃናል፤ እስከ ዛሬ ለምን እንደተሠራ ያልገባን ነገር ነበር፤ ለአርቆ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን። እንግዶችዎም ሥራው ከየት እንደሚጀመር ማየት ፈልገው ነበር፤ ካልሄዱ ያያሉ። ከሰኞ በፊት ያ የተባለው መኪና አያ ሆዱን ይዞ ደጃችን ከቆመ ግን እንጨቱን በራሳችን ምድጃ እናነደዋለን፣ የፕላስቲክ አበባውንም አጥበን እንመልሳለን።

ለማይንቀሳቀሰው ድስትና ለሚንቀሳቀሱት ባለቤቶቹ የሰጡትን ትኩረት ሁሉ እያደነቅሁ፣ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና የማይጨስ ሳንባ እመኝልዎታለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ
እሳት አንዳጁ
(ይህን በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ፤ አውራ ጣቴ ቀለም አልነካውም)

ማሳሰቢያ፦ ምንጣፉን እንዲያስጠቀልሉልን፣ ዘበኛውንም በእኛ ምክንያት እንዳይቆጡት አደራ። «አይንኩ» የሚለውን ጽሑፍ ግን እንዳያነሱት፤ ድስቱ ሲግል ለእናንተ ያስፈልጋችኋል።