ዳገት የወጣችው ጀልባ

ይድረስ ባሕር ማዶ ዱብሊን ለምትገኘው ልጄ ቶርጊልስ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ላሞቹም ሳይቀሩ ደህና ነን።

ገብሱ ዘንድሮ ሸጋ ነው። እኅትህ ለጀልባዋ ሸራ የሚሆን ሱፍ እየፈተለች ነበር፤ አባትህ ግን «የእኔዋ ጀልባ ከእንግዲህ ሸራ አትፈልግም» አላት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቱን ሰብስቦ ጀልባዋን በግንድ ላይ እያስገፋ ዳገቱን አወጣት። አሁን አያትህ ከነጀልባቸው ከተቀበሩበት ጉብታ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ቆማለች።

ጎረቤታችን ኬቲል መቼም አፉ አያርፍም፤ «ምነው፣ ዓሣው ዳገት ወጣ እንዴ?» አለው። አባትህ ሳቀ፣ ሳቀና ሳል ይዞት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ኬቲል ከዚያ ወዲህ ቀልዶ አያውቅም።

ትናንት ደግሞ ጀልባዋ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየለካኋት። እግሬን በደንብ ታስዘረጋኛለች።»

«ተነሥ ባክህ፣ ምሳው ቀዘቀዘ» አልኩት። እጁን ይዤ ሳነሣው ከእኅትህ የሱፍ ቅርጫት አልከበደኝም። ሰው ሲያረጅ አመሉ ብዙ ነው።

ፊደሉን የምቀርጽበት እንጨት እያለቀብኝ ስለሆነ ላሳጥር። ላስቸኩልህ ብዬ አይደለም፤ ግን ወደዚህ የሚመጣ መርከብ ካገኘህ የገብሱን አጨዳ አትጠብቅ።

እኅትህ ትስምሃለች። አባትህም ሰላም ብሎሃል። የአንተን መቅዘፊያ ከጀልባዋ አውጥቶ ደጃፋችን ላይ አቁሞታል፤ «ይሄ የልጁ ነው፣ ከእኔ ጋር አይሄድም» ብሏል።

እናትህ አስጌርድ