ዜሮ ስለተሰጠው የኖማሪ ረግረግ

ለተከበሩ የኢሳጎ ወንዝ ተፋሰስ ቢሮ ኃላፊ፣ ለአቶ ኢናዳ፤

ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ እንቁራሪቶቹም ስብሰባ ላይ ናቸው። በዚህ ወቅት የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤንነት እንደምን ሰነበተ? ቤትዎ በወንዙ ከእኛ በታች፣ ሺራሴ ከተማ፣ ያውም ምድር ቤት መሆኑን ስለማውቅ ስለ ጤናዎ ብቻ ሳይሆን ስለ ወለልዎም አብዝቼ እጸልያለሁ።

እኔ ሪንታሮ እባላለሁ፤ የኖማሪ መንደር ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ትምህርት ቤቱ ከእኔ ተገላግሏል። በብዙ ነገር አላዋቂ ብሆንም ስለ ዜሮ ግን ልምዴ ሰፊ ነው፤ ብዙ ተሰጥቶኛል፣ ሁሉም ግን ለፍቼ ያገኘኋቸው ናቸው። ትናንት በለጠፉት ማስታወቂያ ላይ ረግረጋችን ዜሮ ማግኘቱን ሳነብ “ይሄስ ያለ ጥፋቱ ነው” ብዬ ብዕር አነሣሁ። ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በሚያዝያ የላኳቸው ሁለት ወጣት ሠራተኞች “ረግረጉ ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?” የሚል ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። መጀመሪያ የገቡት የሰማንያ አራት ዓመቷ ጎረቤቴ እማማ ሺዙኤ ዘንድ ነበር። ከረግረጉ የወጣ የዓሣ ሾርባ ሁለት ሁለት ሳህን ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው ጠየቋቸው። እማማም እንደ ወጉ እስከ ወለሉ ጎንበስ ብለው፣ “ኧረ የኛ ጭቃ ደግሞ ምን ይረባል ብላችሁ ነው ልጆቼ! ያሳፍራል እንጂ” አሉ። ልጆቹ ዜሮ ጻፉ። በሠላሳ አንድ ቤት ሠላሳ አንድ ሰው ጎንበስ አለ፤ ሠላሳ አንድ ዜሮ ተመዘገበ። በእንግዳ ፊት የራሱን ነገር የሚያሞግስ ሰው በኖማሪም፣ በሺራሴም፣ በእርስዎም ቤት እንደሌለ እያወቁ ይህን ሁሉ ጨዋነት ወደ ቁጥር ስለለወጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሥር የሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከኦሳካ መጥቶ ሁለት ዓመት የሆነውና ገና ይሉኝታ ያልተማረው አቶ ጎንዳ። የእርሱንም “ከሌሎቹ ጋር አይሄድም” ብላችሁ ሰረዛችሁት።

ሁለተኛ። ሠራተኞችዎ በየጣሪያችን ጠርዝ ሥር የተሰቀሉትን ጀልባዎች ፎቶ አንሥተው “ለጌጥ ነው?” አሉ። ሽማግሌው ጋሼ ጌንዞ “አዎ፣ የማይረባ እንጨት ነው” አሏቸው፤ ይህም ተጻፈ። ቅድመ አያቶቻችን በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያውን ግንብ ሲሠሩ አንድ ቦታ ሆን ብለው ክፍት ትተዋል። ወንዙ ሲቆጣ በዚያ ገብቶ ረግረጋችንና የሩዝ ማሳችን ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል፤ እኛም ምንጣፋችንን ፎቅ አውጥተን በጀልባ እንጠያየቃለን፤ ቁጣው ሲበርድ ቀስ ብሎ ይወጣል። በዚያ ሰሞን ሺራሴ እንቅልፏን ትለጥጣለች። የእህቴ ልጅ የምትውልበት የሺራሴ መዋዕለ ሕፃናት ከወንዙ ሃምሳ እርምጃ ላይ ሆኖ አንዲት ጫማ እንኳ ያልራሰችበት በዚሁ በማይረባ ጭቃ ነው።

ሦስተኛ። ክፍተቱ ሐሙስ እንደሚደፈን፣ ረግረጉም ለመጋዘን መሥሪያ በአፈር እንደሚሞላ አስታውቀዋል። ከባዱ አውሎ ነፋስ ደግሞ ቅዳሜ ይደርሳል ይላል ሬዲዮው። ሁለቱን እንዲህ አቀራርቦ የሚያቅድ ቢሮ ስላለን ዕድለኞች ነን።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ትናንት ማስታወቂያውን ይዘው ሲመጡ አንድ ሳጥን የቀይ ባቄላ ጣፋጭ በሁለት እጅዎ አቅርበው “የማይረባ ነገር ነው፤ ግን ተቀበሉኝ” አሉ። መኪናዎ እንደሄደ በቢሮዎ አሠራር መሠረት ሳጥኑ ላይ ዜሮ ጻፍኩና ጣፋጩን ለዳክዬዎቹ በተንኩት። እማማ ሺዙኤ መጥረጊያ ይዘው ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩኝ።

“አንተ ስድ! የሰው ስጦታ ለዳክዬ?”

“እማማ፣ የማይረባ ነው ያሉት እኮ ራሳቸው ናቸው!”

“እሱማ ወግ ነው፣ ደንቆሮ! ይሄ የማይገባው ሰው...”

መጥረጊያው አየር ላይ ቀረ። “እኔስ ለልጆቹ ምን ብያቸው ነበር?” አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ሠራተኞችዎ ትተዋቸው ከሄዱት ባዶ ቅጾች አንዱን አስመጡ። በሰማንያ አራት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ነገር አሞገሱ፤ አሥር ጻፉና “ነውር አይሆንብኝም?” ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሳይመሽ ሠላሳ አንዱም ቤት ነውሩን ተካፈለ። ቅጾቹ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። እባክዎ ከሐሙስ በፊት ያንብቧቸው፤ ክፍተቱም ክፍት ይቆይ።

ወገቤ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ማለቴ ግን ዜሮ ተብሎ እንዳይመዘገብ በአክብሮት እያሳሰብኩ፤

የማልረባው ሪንታሮ
ኖማሪ፣ ማክሰኞ

ማሳሰቢያ፦ ጀልባዎቹን ከጣሪያ ሥር አውርደናል። አንዲት ትርፍ አለችን፤ ትንሽ ናት፣ ጥቂትም ውሃ ታስገባለች። ሐሙስ ከደፈኑት ቅዳሜ ደጅዎ ድረስ ይዤልዎት እመጣለሁ። እንደ ወጉ “የማትረባ ነገር ናት” ማለቴ አይቀርም፤ እርስዎ ግን ያን ዕለት መመዝገቡን ትተው ይሳፈሩ።