የሞተራችን ቁመትና የአባባ እግር

ለእህቴ ለሄመን ደቻሳ፣ ጎዴ

በቅድሚያ አንድ ከባድ ጉዳይ ለቤተሰቡ አባላት በሙሉ ይፋ ይደረጋል፦ ሞተር ሳይክላችን ከየካቲት መግቢያ አንስቶ በአራት ጣት አጥሯል። ዘመድ አዝማድ ይህን አውቆ እንዲረጋጋ ይሁን።

ሄሚዬ፣ አካም ጅርታ? የጎዴ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ቢኒ ባልሽስ ደህና ነው? የያኔት የፊት ጥርስ በቀለ ወይስ እንደ ሽማግሌ እያፏጨች ነው የምታወራው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም። የአባባ እግርም ሙሉ በሙሉ ድኗል። ይህን አንቀጽ አባባ ከትከሻዬ በላይ ሆነው አንብበው አጽድቀውታል። አሁን ከብቶቹን ሊያዩ ስለወጡ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

እንደምታውቂው አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ በሞተር እያደረስኳቸው ከድልድዩ ማዶ ኦቦ ቀጄላ ደጅ ለሽምግልና ይቀመጣሉ። ከሳር ክምሩ ላይ ከወደቁ ወዲህ ግን ቀኝ እግራቸው ከሞተሩ ኮርቻ በላይ አልነሳ አለ። እኔና እማዬ ግራና ቀኝ ይዘን እናንሳዎት ብንል፣ "ተሸክመው ያመጡት ሽማግሌ ማንን ያስታርቃል? ድንች ነኝ እንዴ!" ብለው ሁለት ወር ሙሉ ቤት ዋሉ። ቅዳሜ ሲሆን ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሲመሽ ገብተው ጋቢውን ያጥፋሉ። እማዬ፣ "ምነው በጮሁብን" ትላለች።

ስለዚህ ታናሽ ወንድምሽ ማሰብ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የእሱ ጥፋት ነው። ሞተሩን መካኒኩ ወንዲ ጋ ወሰድኩት። የኋላውን አሞርዛተር፣ ኮርቻውን የሚሸከመውን ስፕሪንግ፣ በአጭር ቀየረ፣ የፊቱንም ዝቅ አደረገና "አሁን ዶሮም ትወጣበታለች" አለኝ። እውነትም አባባ ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ! የማቆሚያው እግር ግን በቁመቱ ስለቀረ ሞተሩ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይወድቃል። ሁለቴ የእማዬ ጎመን ላይ ተጋድሞ ተገኝቷል።

ጎመኑስ ምንም አይደል። ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ወደ ድልድዩ በሚያወርደው ኩርባ ላይ እንደ ልማዴ ሞተሩን ዘንበል ሳደርገው የእግር መርገጫው አስፋልቱን ገጨ። ድሮ በዚያ ኩርባ እንዳሻኝ አዘነብል ነበር። አሁን አራት ጣት ወርደናል፣ በዚያ ላይ የአባባ ክብደት ተጭኖታል፣ ብረቱና መሬቱ ሳላውቅ ጎረቤት ሆነዋል። እሳት ብልጭ አለ፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሳ፣ ሞተሩ አልታጠፍም አለ። ቀና አድርጌው በቀጥታ የታጨደ የገብስ ማሳ ውስጥ ገባንና በጎች መሀል ቆምን። ማናችንም አልተጫርንም፤ በጎቹም እንደዚሁ። አባባ ከኋላ ወገቤን ጭምቅ አድርገው ይዘውኝ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ በቅሏቸው ላይ እኔ እይዛቸው እንደነበረው።

ሽምግልናቸውን ጨርሰው፣ በኤሊ ፍጥነት ቤት ስንደርስ፣ ዘንጋቸውን በመርገጫውና በመሬቱ መካከል ሰደው ለኩ። ከዚያ፣ "ጋሮማ፣ በቅሎዬ ረዘመችብኝ ብዬ እግሯን ቆርጬ አውቃለሁ?" አሉኝ። በዘንጋቸውም ከአጥራችን ውጭ ያለውን ሰፊ ድንጋይ አመለከቱኝ። ሄሚ፣ ያ ሱቅ ሱቅ የተጫወትንበት ድንጋይ ለካ በቅሎ መውጫቸው ኖሯል! ኦቦ ቀጄላ በር ላይም እንደሱ ያለ አለ። ትናንት ሞተሩን ይዤ ወንዲ ጋ ተመለስኩ። የድሮውን አሞርዛተር አልጣለውም ነበር፤ "መምጣትህን አውቄ ነው" አለኝ፣ ምቀኛ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሾፌሩ አህመድ ነው፤ የእማዬ በሶም አብሮት አለ። እማዬ ያኔትን ጉንጯን እያገላበጠች ስማታለች። አባባ አንቺንም ቢኒንም መርቀዋችኋል፤ ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ አልበቃውም። እኔም አንገታችሁን አቅፌ ስሜያችኋለሁ።

ወንድምሽ ጋሮማ
ሱሉልታ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማረሚያ፦ በመግቢያው "ሞተር ሳይክላችን በአራት ጣት አጥሯል" የተባለው ከትናንት ጀምሮ ተሽሯል፤ ሞተሩ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ተመልሷል። "የአባባ እግር ሙሉ በሙሉ ድኗል" የሚለውም ስህተት ነው። ጉልበታቸው የሚታጠፈው እስከ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ከዚህ በላይ አትጠብቁ ብሏል። ነርስ ነሽና እውነቱን ልደብቅሽ አልችልም። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ቆመው፣ ማንም ሳይነካቸው ሞተሩ ላይ ወጥተዋል። እንዳላይ ታዝዤ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ያየሁት በጎን መስታወቱ ነው።