ፊርማህን ለከለከልከኝ ወንድሜ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሷሊሕ አብዱረሂም፤ አሰብ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ባለፈው ያመመዎት ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ መሪያም እንደምን ናት? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። እናታችን ናፊሳ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ጤና ናት። ዘንድሮ ሮቢት ዝናቡ ደግ ነበረ፤ ማሽላውም ታጭዶ ሊያልቅ ነው። የሰው ማሽላ ነው እንጂ የኛ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ አንቱ ያልኩህ አባታችን ከቢር አብዱረሂም ታላቅን ማክበር ስላስለመደኝ ነው። ከዚህ ወዲያ አንተ ነህ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ቁጭ ብለህ አንብበው።

በኅዳር የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ያላባት ያደገች ልጅ ብቻዋን ዐረብ አገር አትሄድም፣ ኃላፊዋ ወንድሟ እኔ ነኝ፣ ለመውጫ ቪዛው ዋስ ሆኜ አልፈርምም ብለሃል። አስተማሪነቱ መች አነሳት ብለህም ጨምረሃል። ጉድ እኮ ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ በልታ አደረች ወይ ብለህ ያልጠየቅከኝ ሰውዬ ዛሬ ስሄድ ኃላፊ ሆነህ ብቅ አልክ?

ምን ልትሠራ እንደምትሄድ አልገባኝም ስላልክ ላስረዳህ። መምህራን ማሠልጠኛ ያስተማሩኝ ወይዘሮ ብርሃኔ ቤይሩት አጠገብ ባለ የፍልስጥኤም ስደተኞች ሰፈር ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጠው የሴቶቹን ታሪክ ሊጽፉ ነው። እሳቸው ዐረብኛ አያውቁም፤ ሴቶቹ ደግሞ ወንድ አስተርጓሚ ፊት እንደ ልባቸው አይናገሩም። ስለዚህ አባቷ ዐረብኛ ያስቀራትን እኔን ጣይባን መረጡ። የኪታቡ ዐረብኛ ለገበያና ለጓዳ ወሬ አልሆን ስላለኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከየመናዊው ባለ ሱቅ ሚስት ጋር ስለፈልፍ ከረምኩ። የቤይሩት ሰው አነጋገሩ ሌላ ነው ብላ ብታስፈራራኝም ከምንም ይሻላል። ክትባቱን ተወግቻለሁ። ክረምታቸው ብርድ ነው ስለተባለም ደብረ ሲና ወጥቼ ወፍራም ባና ገዝቻለሁ። እነዚያ ሴቶች ከአገራቸው ከወጡ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ለጥቂት ቀን ነው፣ ትመለሳላችሁ ተብለው፣ ያቦኩትን ሊጥ ሳይጋግሩ የወጡ አሉ። ይኼ ነገር ለአንተ አዲስ አይሆንብህም ብዬ አስባለሁ።

ወይዘሮ ብርሃኔ ለእነዚያ ሴቶች የሚቀርቡ ሃያ ጥያቄዎች ጽፈው ሰጡኝና፣ ከመሄዳችን በፊት በአገርሽ ሴቶች ተለማመጂ አሉኝ። ደብተሬን ይዤ የማውቃቸውን ሴቶች ዞርኩ። የማውቃቸው ደግሞ ያው የኛው ሰዎች ናቸው፤ ባለ ርስቱ ፊታውራሪ መሬቱን ለጥጥ እርሻ ሲሰጥ ከወንዙ ዳር የተነቀሉት ጭሰኞች። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ ስትወጡ እንመለሳለን ብላችሁ ነበር ወይ? ትመለሳላችሁ ያላችሁስ ማን ነው? ይላል። አሥራ አንድ ሴቶች ጠየቅኩ። አሥራ አንዱም ያንተን ስም ጠሩ።

ጎረቤታችን የነበረችው ዘሀራ፣ ለልኬት ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ዳገቱ ላይ ተቀመጡ፣ እሸቱ የትም አይሄድባችሁም አለን፤ ልጆቻችንን ቁርኣን ያስቀራው የከቢር ልጅ አይዋሽም ብለን የወፍጮ መጁን እንኳ ሳናነሣ ወጣን አለችኝ። ትርንጎ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ትራክተሩ ማሽላዋን ከነእሸቱ ገልብጦት ነበር፤ አንተም የእርሻው ሠራተኞች ካቦ ተብለህ፣ አዲስ ባርኔጣ ደፍተህ ከትራክተሩ አጠገብ ቆመህ ነበር። ያን ቀን እኔም አይቼሃለሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ብዬ ስጣራ ፊትህን አዞርክብኝ። በዓመቱ ፊታውራሪው በጻፈልህ ደብዳቤ አሰብ የመጋዘን ሹም ሆንክ። ሰው ሁሉ ረስቶኛል ብለህ ተኝተህ ከሆነ ንቃ።

ደብተሬን ወይዘሮ ብርሃኔ አነበቡት። በእሳቸው ሥራ የተናጋሪውም የተነገረበትም ሰው ስም አይጻፍም። ስምህን አሥራ አንድ ቦታ ሲያዩት ቀይ እስክሪፕቷቸውን አንሥተው፣ ልትበቀዪ ከሆነ የምትሄጂው እዚሁ ቅሪ፣ የራስሽን ቂም ይዘሽ የሰው እናት ፊት አላስቀምጥሽም አሉኝ። በአንተ የተነሣ መንገዴ ሊቀር ነበር፤ አሁንም ባንተ! እያለቀስኩ ሰረዝኩህ። በደብተሩ ውስጥ አሁን በስምህ ፈንታ አንድ ወጣት ይላል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ቀይ እስክሪፕቶ የሚያነሣብኝ ማንም የለም። የአሥራ አንዱንም ቃል አንድ በአንድ ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ።

መሪያም የግዕዝ ፊደል ስለማታውቅ ደብዳቤዋን ሁሉ የምታነብላት አንተ ነህ፤ የማትፈልገውን ዘለህ እንደምታነብላትም አላጣሁትም። ስለዚህ ያንኑ ቃል በዐረብ ፊደል፣ በምንናገረው አማርኛ ጽፌ በስሟ ለብቻ ልኬላታለሁ። አባታችን መንዙማውን ይጽፍ እንደነበረው ማለቴ ነው። ቁርኣን ስለቀራች ያላንተ እርዳታ ታነበዋለች። ይኼ እውነት ነው ወይ ብላ ስትጠይቅህ የምትመልስላትን ከአሁኑ አስብበት።

ፊርማህንም ያዘው፣ አልፈልገውም። ትርንጎ ዛሬ ጀውሃ ላይ ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥበት፣ በስሟ የተመዘገበ ቤት አላት። ቃሏን ሰጥታ ስትጨርስ ዋስ አጥቼ መቅረቴን ሰማች። ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለችና፣ ጣይባ ከቀረች ሷሊሕ ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈኝ ማለት ነው፣ ቤቴን አስይዤ እኔ እፈርማለሁ አለች። አዲስ አበባ ድረስ አብራኝ ወጥታ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከማሳዋ ያባረርካት ሴት ባንተ ቦታ ቆማ ላከችኝ። አውሮፕላኑ ጥር አሥር ቀን ይነሣል።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። መሪያምን አጥብቀህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ ናፍቃችኋለች በላቸው። ዘሀራ፣ በልጅነቱ ከልጆቼ ጋር አጉርሼዋለሁ በይልኝ ብላለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ትርንጎ ሰላምታ አልላከችም።

እናታችንን በጥያቄዎቹ ልጠይቃት አስቤ አላውቅም። አንድ ቀን ራሷ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠችና፣ እኔስ ከቤቴ አልወጣሁም ወይ አለችኝ። ሁሉንም መለሰች። የቤታችንን ምሰሶ ማን እንዳቆመው፣ በጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል እህል እንደቀረ፣ አባታችን ከሥሯ የተቀበረባት የቁርቁራ ዛፍ ተነቅላ ጥጥ እንደተዘራባት ነገረችኝ። ትመለሳላችሁ ያላችሁ ማን ነው የሚለው ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ፣ አንድ የማላውቀው ልጅ ነው አለች። ልታድንህ የዋሸች መስሎኝ ተናድጄ ደብተሩን ዘጋሁት። ዛሬ ይህን ደብዳቤ ልጨርስ ስል፣ ለሷሊሕ ምን ብዬ ሰላምታ ልጻፍልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ማሽላ ታበጥር ነበር። ቀና ሳትል፣ ለማን? አለችኝ።

እኅትህ ጣይባ አብዱረሂም
ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 18 ቀን 1964 ዓ.ም.