ከከሰል ገላግላችሁን በጋዝ ለምታጥኑን ክቡራን

ለሐይቅ ዳር ኃይል ማመንጫ ቦርድ የተከበሩ ሰብሳቢ፣
ለክቡራትና ክቡራን የቦርዱ አባላት በሙሉ፣
ቶሮንቶ

ክቡር ሰብሳቢ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆችዎ፣ የልጅ ልጆችዎ፣ ካለም ውሻዎ፣ ሁሉም እንደ ልብ ይተነፍሳሉ? በሚቲንጉ ዕለት ከጎንዎ የነበሩት ባለ መነጽሯ እመቤትስ? ከእሳቸው ቀጥሎ ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ያመሹት ጌታስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የፊት ጥርሴ ብቻ የእናንተ አዳራሽ በር ላይ ቀርቷል። ሰላምታዬን እንዲህ የዘረዘርኩት ወረቀት ማይክ ስለሌለው ማንም እንደማያጠፋብኝ አውቄ ነው።

ዘመድኩን ብሩኬ እባላለሁ፤ ፓርክዴል፣ ከማመንጫችሁ ፊት ለፊት የምኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ይለፉኝ፤ የነገር ግድፈት ግን የለበትም። የላካችሁልኝ ወረቀት በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቅሁ በመጨረሻው ሚቲንግ ላይ እንደማልገባ ይነግረኛል። በራሪ ወረቀታችሁ ደግሞ ሁሉንም በየቋንቋው እንሰማለን ስለሚል ይቅርታዬን በቋንቋዬ ጽፌያለሁ። ቅጂውን ብሉር ጎዳና ላይ ባሉት የሐበሻ ሱቆች በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ብቻዎን ሲያነቡት እንዳይሰለችዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ከሰሉን ስላጠፋችሁ አመሰግናለሁ፤ ይህ ከልቤ ነው። እኛ እዚህ ሠፈር ስንገባ የድንጋይ ከሰል የሚያነደው ጭስ ማውጫችሁ ቀን ከሌት ይተፋ ነበር። ባለቤቴ ኑኃሚን የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለነበረች ነጭ ልብሷን ባልኮኒ ላይ ታሰጣለች፤ ልታነሳው ስትሄድ የመካኒክ ቱታ መስሎ ይጠብቃታል። ደግማ ታጥበዋለች። ደረቷን ግን ደግማ ልታጥበው አልቻለችም። ጭስ ማውጫው በፈንጂ የወደቀ ዕለት መስኮት ላይ ቆማ እልል አለች፤ እልልታዋን ሳል ቆረጠው።

ሁለተኛ፦ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሰሉ በወጣበት ቦታ፣ ባለ ጋዙን ጭስ ማውጫ ተከላችሁ፤ አሁን ደግሞ ጋዝ የሚያነዱ አዳዲስ ሞተሮች ልትጨምሩ ነው። ከከሰል ይሻላል ትላላችሁ። እውነት ነው ጌታዬ፤ በዱላ ከመመታት በጥፊ መመታት ይሻላል። እኔን የገረመኝ ለጥፊው አጨብጭቡ መባላችን ነው። ሐይቁ ላይ ባርኔጣ የሚነጥቅ ነፋስ አለ፤ ጣራችን ላይ ከርግብ በቀር የሰፈረበት የለም፣ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ቢነጠፍበት ርግቦቹ አይከሱንም። እናንተ ግን የሚነድ ነገር ካላያችሁ ኃይል የመጣ አይመስላችሁም። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው የጎረቤቴ የፌበን ልጅ ሩሀማ በአፏ የምትስበውን የአስም መድኃኒት ሳትይዝ ትምህርት ቤት አትሄድም። ሞተር በጨመራችሁ ቁጥር የሕጻን ጉሮሮ በጫማችሁ እየረገጣችሁ መሆኑን አክብሬ አስታውሳችኋለሁ።

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ልነግራችሁ ሚቲንጋችሁ ላይ መጥቼ ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ትሰጣላችሁ፤ ቸሮች ናችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ነገሩን እንደ ድንጋይ ወርውሮ አይጀምርም። ስለዚህ ቆቤን አውልቄ፣ እያንዳንዳችሁን በየተራ ጤናችሁን ጠየቅሁ፣ ቤተሰባችሁን ጠየቅሁ፣ ከተማዋን መረቅሁ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ ስል ባለ መነጽሯ እመቤት «ታይም!» ብለው ጣታቸውን አነሱ፤ ማይኩ ጠፋ። በነጻ የመረቅኋችሁ ሰዎች ሳቃችሁብኝ።

ጠረጴዛችሁ ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ ማመንጫ ነበር፤ ትንሽ ጭስ ማውጫ፣ ሥሩ ደግሞ አረንጓዴ ዛፍ። ከዘራዬን አንስቼ ጭስ ማውጫውን አናቱን አልኩት። ተሰባብሮ ሲበተን የተሰማኝን ደስታ ከሠርጌ ቀን ወዲህ አላየሁትም።

አራተኛ፦ ስለ ሴኩሪቲዎቻችሁ ትጋት። አንደኛው የእኛው ልጅ ነው፣ ሰላሙ ይባላል፤ በቅርብ የመጣ ነው። እጄን ይዞ «አባባ፣ በእናትዎ ይውጡልኝ፣ ከሥራ ያስባርሩኛል» አለኝ። «እናቴን ተዋት፣ እጄን ልቀቅ» አልኩት። እሱ ሲያመነታ ባልደረባው ማጅራቴን ይዞ ጎተተኝ፤ በሩ ጠርዝ ላይ ጥርሴ ወለቀ፣ ደሙ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ሰላሙ አጎንብሶ ጥርሴን ሲፈልግ የጥበቃ አለቃቸው ጮኸበት። ለዚህ መስተንግዶ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አሁን ለምን በሁለት ደቂቃ እንዳበድኩ ልንገርዎ። ኑኃሚን በሕይወቷ የመጨረሻ የበረዶ ወቅት ትልቅ ሐኪም ፊት ቀረበች፤ ቀጠሮውን ብዙ ጠብቀነዋል። የቀረቻትን ትንፋሽ የሐኪሙን ሚስትና ልጆች ጤና ስትጠይቅበት ጨረሰችው። እሱም ደስ ብሎት ስለ ልጁ የሆኪ ጨዋታ አወራት። ሰዓታችን አለቀ፤ የት እንደሚያማት ሳትናገር ወጣን። አሳንሰር ውስጥ ተቆጣኋት። «ታዲያ እንደ አውሬ ሳልሰላመው ልጀምር?» አለችኝ። ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ ቀበርናት። እናንተም ማይኩን ስታጠፉ የጠፋችው እሷ ነበረች።

እንግዲህ ይቅርታዬን ይቀበሉ። ፕላስቲኩን ስለሰበርኩት ፕላስቲኩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ምቴ ስቶ የውሃ ብርጭቆ ባለ መነጽሯ እመቤት ላይ ስለደፋ እሳቸውንም ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ውሃው የታሰበው ለእርስዎ ነበር። ሰላሙን ከሥራው ብታባርሩት ግን ከዘራዬ ያልተሰበረ መሆኑን ለማሳወቅ እወዳለሁ።

በአንድ ሳንባ ጭሳችሁን፣ በሌላው ንግግራችሁን ስስብ የኖርኩ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከጭስ ማውጫዎ ሥር የምገኝ፣ የማልታዘዝዎት አክባሪዎ፣
ዘመድኩን ብሩኬ
ፓርክዴል

ማስታወሻ፦ በመጨረሻው ሚቲንግ ላይ እመጣለሁ፤ በሩን ብትዘጉት በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ። የባለቤትዎን ጤና አልጠይቅም። ልጆችዎንም አላነሳም። ኑኃሚን ብትኖር ታፍርብኝ ነበር፤ እኔም በሰው ፊት ቆሜ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ሁለቱን ደቂቃ በሙሉ የምናገረው ስለ ሩሀማ ጉሮሮ ነው። ከላይ ያለው ሰላምታ ከእኔ የሚያገኙት የመጨረሻው ስለሆነ በደንብ ያስቀምጡት።