ያልመነጠርኩትን ደን መነጠርኩ ስላልኩበት ቀን

ለተከበሩ የቡና ማሳ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሸኮ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎም ለወንበርዎም ጤና እየተመኘሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ሽማግሌ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ መለጠፌ፣ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነውና ለድፍረቴ ይቅርታ።

1ኛ. አምና ሠራተኛዎ ወይዘሪት ዮሃና ስልኳን ይዛ ማሳዬን እየዞረች መሬቱን እንዴት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። እኛ ዘንድ መሬት የሰው መሆኑ የሚታወቀው ደን መንጥሮ ሲያቀናው ነውና፣ እንዳልነጠቅ ፈርቼ፣ ደግሞም በልጅ ፊት ላለማነስ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጫካውን ብቻዬን መንጥሬ ቡና እንደተከልኩ ነገርኳት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር አፌን ታስይዘኝ ነበር። ልጅቷም ምሳር ባልነካቸው የዋንዛና የቀረሮ ዛፎቼ ጥላ ሥር ቆማ «ደን የተመነጠረበት» ብላ ጻፈች። ትጋቷን አመሰግናለሁ፤ ቀና ብላ ብታይ አንገቷን ያማት ነበር።

2ኛ. ባሕር ማዶ ያሉት ቡና ገዢ አገሮች ደኑ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከተመነጠረ መሬት የተለቀመ ቡና አናስገባም ማለታቸውን የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ሕጉን እነርሱ አውጥተው ማስረጃውን እኛ እንድናቀርብ ማድረጋቸው ብልህነት ነው፤ ገበያው የእነርሱ፣ ቡናው ግን የሚበላሸው የእኛ ነውና ምን ቸገራቸው። እርስዎ ደግሞ ይህን እያወቁ ከምዝገባው በፊት አንዲት ቃል ሳያወጡ በመቆየትዎ ምስጢር ጠባቂነትዎን አደንቃለሁ።

3ኛ. ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። የእኔ ቡና ብቻ ቢቀር ዝም ባልኩ። የማኅበራችን ቡና ተቀላቅሎ ነው የሚላከውና፣ በእኔ ጉራ የአርባ ሁለት ጎረቤት ቡና መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ብቻዋን ልጆች የምታሳድገው ወይዘሮ አማረች መንገድ ላይ ስታገኘኝ ዛሬም ጋሼ ማቴዎስ እያለች ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። ቡናዋ በማን እንደቀረ አታውቅም። ይህን በር ስታነብ ታውቃለች፤ እኔም ሰላምታዋን ከእንግዲህ አልጠብቅም።

ስለዚህ ውሸታሙ እኔ መሆኔን መዝግበው የጎረቤቶቼን ቡና ከእኔ ለይተው እንዲልኩላቸው፣ ሲመችዎም መጥተው ዛፎቼን እንዲያዩ በትሕትና እለምናለሁ።

ለጎረቤቶቹ አንገቱን የደፋ፣ ለማኅተምዎ ግን ያልደፋ፣
ታዛዥዎ ማቴዎስ ገብረወልድ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ መንጥሬያለሁ ስል ያለ አንድ ምስክር አመናችሁኝ፤ አልመነጠርኩም ስል ሦስት ምስክርና የቀበሌ ማኅተም አምጣ ተባልኩ። የሽማግሌን ውሸት እንዲህ የሚያከብር መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።