ጣትዎን እንዳያሳርፉ

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ልለምን፦ እህት ዓለም፣ አባትሽ እንዳይናደዱ ብለሽ የምትዘልዪው መስመር እንዳይኖር። ይናደዱ። እኔም ተናድጄ ነው የምጽፈው።

በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ግን እርስዎ ድምፅ ያነባሉ። ገና «ሄሎ» ከማለቴ «ምን ሆነሻል?» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ «ምንም» እላለሁ። ወረቀት አያቋርጠኝም።

ስድስቱ የብሬል መጻፊያዎች ጥገና ላይ አይደሉም።

ይኸው፣ አልኩት። አራት ወር ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ በነጭ በትርዎ እየዳሰሱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲመጡ፣ «ጥገና ላይ ናቸው ጋሼ» ያልኩዎት ውሸት ነው። አንድ ቀን እንዲያውም «ይሄ ጠጋኝ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተጋባ እንዴ?» ብለው አሳቁኝ። ሳቄ የሌላ ሰው ሳቅ መሰለኝ።

ከሥሩ ልንገርዎት።

በግምጃ ቤቱ ወለል ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ለአገልግሎት የሚቆይ ዕቃ ነው፤ ወዲያ ያለው የሚሸጥ፣ የሚወገድ። የዓይነ ስውራን ንባብ ክፍልዎ ተማሪዎች ያሏቸውን ስድስት መጻፊያዎች ለጥገና ባስረከቡኝ ሳምንት ዝናብ ጣለ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ውኃው ልክ እነሱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ደረቅ ቦታ የነበረው ከመስመሩ ወዲያ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ተሸክሜ አሻገርኳቸው። ላድናቸው ብዬ፣ ጋሼ። ይህን ስጽፍ ለራሴ ጥብቅና የቆምኩ ይመስለኛል። ግን እውነት ነው።

በማግሥቱ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ድንገት መጣ። ሰብሳቢው አለቃዬ ነው፣ የንብረት ኃላፊው። ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ሁሉ መዘገቡ፦ የተሰበረ ወንበር፣ ዝገት የበላው ቧንቧ፣ ስድስት መጻፊያ።

«እነዚህ ለጥገና የገቡ ናቸው፤ እኔ ነኝ ያሻገርኳቸው» አልኩ።

«ማን ፈቅዶልሽ?» አለ አለቃዬ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ጣሪያው እኮ...»

«ጣሪያው የዛሬ አጀንዳ አይደለም።» ጎንበስ ብሎ አንዱን አየው። «ቆይ፣ ይሄ ስድስት ቁልፍ ብቻ ነው እንዴ ያለው? የቀሩት ፊደሎች የት ሄዱ? በሉ ጻፉ፣ ከጥቅም ውጪ!»

አምስት ሰዎች ሳቁ። ብሬል በስድስት ነጥብ እንደሚጻፍ፣ ለየነጥቡም አንድ ቁልፍ እንደሚበቃ አንዳቸውም አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ። አውቄ ዝም አልኩ። ዕቃ ያለ ፈቃድ ማዘዋወር ከሥራ ያስባርራል፤ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። መጻፊያዎቹ ከቧንቧው ጋር ተቆልለው ለጨረታ ቀረቡ፤ በኪሎ ተመዝነው ለብረት ነጋዴ ተሸጡ። ወሬውን ስሰማ ነጋዴው ዘንድ ሮጥኩ። «ቀልጠዋል እህቴ» አለኝ።

ቢያንስ ይተኩ ብዬ የግዥ ጥያቄ አዘጋጀሁ፦ የብሬል መጻፊያ፣ ስድስት። የግዥ ባለሙያው አስጠራኝ። «ብሬል» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞታል።

«የአምራች ስም መጥቀስ ክልክል ነው። ለአንድ ድርጅት ማድላት ይሆናል።»

«ድርጅት አይደለም! ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት ጽሑፍ ነው።»

«ያው ነዋ፣ ለእነሱ የሚያመርተው ድርጅት ማለት ነው» አለኝ። በቅንነት! ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ዕቃው ባለፈው ሐሙስ ገባ። ስድስት የሚያብረቀርቁ፣ ተራ የጽሕፈት መኪናዎች። መለዋወጫ ቀለም ሁሉ አላቸው። ለማያዩ ልጆች ቀለም ተገዛላቸው!

አልረከብም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አለቃዬ አልተቆጣም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ወንበር ሳበልኝ።

«ምን አስጨነቀሽ? ጠያቂው ክፍል ከተቀበለ አለቀ። ሽማግሌው ይፈርሙ።»

«ያልጠየቁትን ዕቃ እንዴት ብለው ይፈርማሉ?»

«አያዩም እኮ! ወረቀቱን ይዘን እንሄዳለን፣ መጻፊያዎቹ መጡልዎት እንላቸዋለን፣ ጣታቸውን ቀለም አስነክተን እናሳርፋለን። አንቺን ያምኑሻል፤ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ።»

አንቺን ያምኑሻል። ከሐሙስ ጀምሮ ይህች ቃል ጥርሴ መሐል እንደገባች አሸዋ ናት። ስበላ አለች፣ ሳወራ አለች።

ስድሳ ዓመት ያነበቡበትን ጣት! የስንቱን ልጅ እጅ ይዘው ነጥብ ከነጥብ ያስለዩበትን ጣት የውሸት ማኅተም ሊያደርጉት ነው። እኔን ደግሞ አንባቢ።

የምንመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። የርክክብ ሰነዱ «በጠየቅነው መሠረት ስድስት መጻፊያ በሙሉ ተረክበናል» ይላል። ጣትዎ አንዴ ካረፈ ፋይሉ ይዘጋል። ዳግመኛ ቢጠይቁ «ተረክበዋል» ነው መልሱ። ተማሪዎችዎ የዘንድሮን ፈተና በምን እንደሚጽፉ ማንም አይጠይቅም።

ስለዚህ እንዳያሳርፉ። «መጀመሪያ ዕቃው ይምጣልኝ» ይበሉ። ይዳስሱት። ተማሪዎችዎ በተሰበሰቡበት፣ አለቃዬ ፊት፣ ቁልፎቹን ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ስድስት ላይ ሲደርሱ እንዳያቆሙ።

እኔ ያን ሰዓት ምን እንደማደርግ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። እደፍራለሁ ብዬ ቃል አልገባም። አንዴ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታ ደግሞ ይለመዳል፣ ሰውነት ውስጥ ቦታ ይይዛል። የጻፍኩት ለዚህ ነው። ያሻገርኳቸው እኔ፣ ዝም ያልኩት እኔ፣ አራት ወር የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ከፈለጉ ለኦዲተር ይስጡት። ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችላል። ይህን የምለው እንዲራሩልኝ አይደለም፤ ወረቀቱን በእጅዎ ሲይዙ ክብደቱን እንዲያውቁት ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ረቡዕ ዕለት ሰነዱን እንዳነብልዎት ሲሰጡኝ፣ ልጅዎ ከትከሻዬ ኋላ ቆማ አብራኝ ታንብብ። አፌ ከወረቀቱ ከተለየ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ታርመኝ።

አክባሪዎ፣
የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ